አጋዘን ቃኚው ዘንድ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጡረታ የወጣሁት በጉልበቴ ምክንያት ነው ብዬ ለሰው እናገራለሁ፤ ሐኪሜም ይመሰክርልኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ከሥራዬ ያፈናቀለኝ ዛፍ ላይ የሚታሰር፣ ከጡብ የማይበልጥ ካሜራ ነው። አሁን አዳኝ የሚባለው ሰው ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ተራራ ይወጣል፣ ካሜራውን ግንድ ላይ ጠፍሮ ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ሳን ሆዜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቢራውን ይጠጣል። አጋዘኑ በካሜራው ፊት ባለፈ ቁጥር ፎቶ ይነሳል። ካሜራው ስንቅ አይፈልግም፣ አይጾምም፣ በቅሎ ላይ መጽሐፍ ጭኖ አለቃውን አያናድድም። እኔ እነዚህን ሁሉ አደርግ ነበር።

ዘመኑን ለመራገም አይደለም የምጽፈው። ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር የሚል ሰው ስሰማ ያ ሰው ድሮ ያልነበረ ይመስለኛል። እኔ ነበርኩ፤ ብርድ ነበር። ግን አንድ ሙያ ሲሞት ምን እንደነበረ የሚናገርለት ሰው ቢኖር አይከፋም። በአማርኛ ደግሞ ይህን ሥራ የሠራ ከእኔ ሌላ ሰው አላውቅም።

ሥራዬ አጋዘን መቃኘት ነበር። አደን አላልኩም። አንድም እንስሳ ገድዬ አላውቅም፤ ጠመንጃ የያዝኩትም ለሌላ ሰው ስሸከም ብቻ ነው። የአደኑ ወቅት የሚከፈተው በመስከረም አጋማሽ ገደማ ነው። ቃኚ ማለት ከዚያ አስቀድሞ፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ወጥቶ ወንዶቹ አጋዘኖች የት እንደሚውሉ፣ የት እንደሚተኙ፣ ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጡ፣ ሲደነግጡ በየት በኩል እንደሚሸሹ አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። ወቅቱ ሲከፈት የከፈለው ደንበኛ በፈረስ ይመጣል፤ መሪው ቃኚው ወዳየው ቦታ ይወስደዋል፤ ደንበኛው ይተኩሳል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን «እኔ ያገኘሁት» እያለ ያወራል።

አጋዘን ስል የአገራችንን አጋዘን ማለቴ አይደለም። ጆሮው የበቅሎ የሚያህል፣ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና የሚያበቅል የዚህ አገር እንስሳ ነው። ስሙን በተመለከተ ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሜስካል በሚገኝ የአበሻ ምግብ ቤት፣ ምሳ እስኪቀዘቅዝ ተከራክረናል። አንዱ ዋላ ነው ይላል፣ ሌላው ድኩላ ነው ይላል። ከተከራካሪዎቹ እንስሳውን በዓይኑ ያየ አልነበረም። ስለዚህ ያየሁት እኔ አጋዘን ብያለሁ፤ ያልተስማማ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ የፈለገውን ይበለው።

እዚህ ሥራ ላይ የደረስኩት በምኞት አይደለም። ወደ ካሊፎርኒያ የመጣሁት ታሪክ ላጠና ነበር። አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ፣ የሚላከው ገንዘብ ቆመ፣ ትምህርቱ ግን በሆነ ተአምር አለቀ። ከዚያ ሪችመንድ ነዳጅ ማደያ ሠራሁ። አለቃዬ መጽሐፍ ሳነብ ባየኝ ቁጥር መጥረጊያ ያቀብለኝ ነበር። ኦክላንድ ፓርኪንግ ሠራሁ፤ እዚያ አለቃዬ ጋሽ ተሰማ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ባለ አምስት ፎቁን የመኪና ማቆሚያ የሚያስተዳድሩት ኤምባሲ እንደሚያስተዳድሩ ነበር፤ ክራቫታቸውን ሳያስሩ ቲኬት አይቆርጡም። መጽሐፍ ማንበቤን አልከለከሉም፤ ያነበብኩትን መተቸቴን ግን አልወደዱትም። በመጨረሻ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ባለው ኮረብታ ሥር፣ ፈረስ ቤት ውስጥ ድርቆሽ ማራገፍ ጀመርኩ። የፈረስ ቤቱ ባለቤት ማኑዌል ይባላል።

ማኑዌል ያኔ ስድሳ ዓመት አልፎታል። አባቱ ከአትላንቲክ መካከል ካሉት የፖርቱጋል ደሴቶች የመጣ ላም አላቢ ነበር። ማኑዌል ሳን ሆዜ የፕሪምና የአፕሪኮት እርሻ በነበረችበት ጊዜ አድጎ፣ እርሻው ሲነቀልና የኮምፒዩተር ፋብሪካ ሲተከልበት አርጅቷል። በብርዱ ወራት ፈረስ ያከራያል፤ በጋውን ይቃኛል፣ መኸሩን አዳኞችን ይመራል። ሚስቱ ሞታለች፤ ሊንዳ የምትባል ባሏን የፈታች ልጁ አብራው ትኖራለች። ድርቆሽ ማራገፍ በጀመርኩ በሁለተኛው ሐምሌ «አቤ፣ ቁጭ ብለህ ዝም ማለት ትችላለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። አበራ ማለት አቅቶት አይደለም፤ ማሳጠር ይወድ ነበር። እችላለሁ አልኩት። «የተማረ ሰው ይህን ሲል አላምንም» አለና ወሰደኝ።

የማኑዌልን አመል ልናገር፤ ሙያው ያ ነው። ተራራ ላይ አይዞርም ነበር። ወጣቶቹ ቃኚዎች ቀኑን ሙሉ ጫፍ ለጫፍ ሲሮጡ ይውላሉ። እሱ ጎሕ ሲቀድ አንድ ድንጋይ ላይ የታጠፈ ጆንያ አንጥፎ ይቀመጣል፤ ፀሐይ ጀርባውን እስክታቃጥለው አይነሳም። አመድ በጨርቅ ቋጥሮ ይይዛል፤ ቆንጠር አድርጎ ይበትንና ነፋሱን ያያል። ጠዋት አየሩ ከላይ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሲሞቅ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ያላወቀ ሰው ጠረኑን አስቀድሞ ይልካል፤ እሱ ሲደርስ አጋዘኑ ሄዷል።

ሩቁን የሚያቀርብ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር፣ ባይኖኩላር፣ ነበረው፤ ግን መጀመሪያ አያነሳውም። አስቀድሞ በባዶ ዓይኑ ተራራውን ከዳር እስከ ዳር ያያል፤ ረጅም ጊዜ። ከዚያ በኋላ ነው ባይኖኩላሩን የሚያነሳው። «አጋዘን አትፈልግ» ይለኝ ነበር። «ሙሉ አጋዘን የሚያሳይህ የግድግዳ ሥዕል ብቻ ነው። ዛፍ ቆሟል፤ በዛፎች መካከል የተጋደመ መስመር ካየህ ጀርባ ነው። ጥላው ሲሸሽ አጋዘኑ ተነስቶ ጥላውን ይከተላል፤ ያኔ ጠብቀው። ደግሞ ምንም የሌለበትን ቦታ እይ። ሁሉም ሰው ያለበትን ነው የሚያየው።» ሐምሌና ነሐሴ ላይ የወንዶቹ ቀንድ ገና በለስላሳ ጠጉራም ቆዳ የተሸፈነ ነው፤ የማለዳ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ዙሪያውን ወርቅ ይቀባል። በሩቁ የሚያበራ ቅርንጫፍ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር ለማየት ሰው ሊከፈለው ይገባል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር፤ ማኑዌልም ክፍያውን ሲወስን ይህንኑ ያሰበ ይመስለኛል።

ለደንበኞች ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚናገረው። ስድስት ወንድ አይተን ከሆነ «ሁለት ሳይኖሩ አይቀሩም» ይላል። «የተስፋ ሻጭ አይደለሁም» ይለኛል። እያንዳንዱን ሸለቆ በሚኖርበት እንስሳ ይጠራዋል፦ የአንካሳው ጉድጓድ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች መስክ፣ የመበለቲቱ ቁልቁለት። አጋዘን አመለኛ ፍጥረት ነው። ባለፈው ነሐሴ የተኛበት ጥላ ሥር በዚህኛውም ነሐሴ ይተኛል፤ እሱ ቢሞት ልጁ ይተኛበታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የምናገረው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

ስለ ጾሙም ልናገር። የቅኝቱ ዋና ጊዜ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። አዲስ አበባ ሳለሁ፣ ሁሉም ሲጾም፣ ተማሪ ነኝ ብዬ በአደባባይ እበላ ነበር። ካሊፎርኒያ መጥቼ የሚያስጾመኝ ሰው ሳጣ መጾም ጀመርኩ። ጓደኞቼ ሃይማኖት ነው ብለው ደስ አላቸው፤ እልህ ነበር። ማኑዌል ግን ከሁሉም በላይ ደስ አለው። ሥጋ የሚበላ ሰው ላብ አጋዘን ያባርራል ብሎ ያምን ነበር። «አቤ ባቄላ ስለሚበላ ተራራው ሣር ነው ብሎ ይምረዋል» እያለ ለደንበኞች ያስተዋውቀኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጾም ጥቅም ካስተማረችኝ ሁሉ ይህን የመሰለ ተግባራዊ ማስረጃ ሰምቼ አላውቅም።

እንዲህ እያልን ጥቂት ዓመታት ሠራን። ሸለቆዎቹን እንከፋፈላለን፤ እሱ ሰሜኑን ይቃኛል፣ እኔ ደቡቡን። ማታ እሳት ዳር ያየነውን እንነጋገራለን።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየሁት በባይኖኩላሩ ነው። ማኑዌል ተራራ ፊት እንደተቀመጠ በባዶ ዓይኑ ማየቱን ትቶ ቀጥታ ባይኖኩላሩን ማንሳት ጀመረ። ሰው ያረጃል፣ ትዕግሥት ያጣል ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛው «ምን ይታይሃል?» የሚለው ጥያቄው ነው። ድሮም ይጠይቀኝ ነበር፤ መልሼ ስጨርስ ያላየሁትን ይነግረኛል። አሁን እኔ ስናገር እሱ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እኔ እያስተማረኝ ነው እል ነበር። እየጠየቀኝ ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። በረዶው ከወትሮው ያነሰበት ክረምት ካለፈ በኋላ ነሐሴ ላይ ወጣን። ማኑዌል ሰሜኑን ቃኝቶ መጣና «ሦስት ወንድ የአንካሳው ጉድጓድ አሉ፤ ምንጩ አጠገብ፣ እንደ ወትሮው» አለኝ። በማግስቱ የጠፋች በቅሎ ስፈልግ በአጋጣሚ እዚያው ወረድኩ። ምንጩ ደርቋል። ጭቃው ተሰነጣጥቋል፤ በላዩ ላይ ያለው ዱካ ካለፈው ዓመት የቀረ፣ ጠርዙ የተፈረፈረ ነው። የአጋዘኖቹን በጠጥ በእንጨት ሰበርኩት፤ ውስጡ እንደ አሮጌ ገለባ ነጭ ነው። በዚያ ሸለቆ በዚያ በጋ አጋዘን አልረገጠም።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና ነገሩን አሰብኩት። ማኑዌል አልዋሸኝም፤ ውሸት አያውቅም። በባይኖኩላሩ ጭጋግ አይቷል፤ በጭጋጉ ውስጥ ያለውን ግን ከልቡ ሞልቶታል። እዚያ ሦስት ወንድ ይኖራል፣ ስለዚህ ሦስት ወንድ አየ። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳደረገ አላውቅም። አጋዘኖቹም አመላቸውን ስለማይለውጡ እሱን ሐሰተኛ ሳያደርጉት ኖሩ፤ ምንጩ ባይደርቅ ኖሮ እኔም ሳላውቅ እቀጥል ነበር።

ታዲያ አጋዘኑ ትክክል ከሆነ ምን ቸገረህ የሚል አይጠፋም። የቸገረኝ ጠመንጃው ነው። ወቅቱ ሲከፈት ማኑዌል ከከተማ የመጣ፣ ከዓመት ዓመት ጠመንጃ የማይነካ ሰው አጠገብ ተቀምጦ «ያውልህ፣ ተኩስ» የሚል ሰው ነው። ደንበኛው የሚያምነው የማኑዌልን ዓይን ነው። በዚያ ተራራ ላይ ሌሎች አዳኞች አሉ፣ እረኞች አሉ፣ እኔም አለሁ። ማኑዌል ካላቆመ አንድ ቀን ሰው ይሞታል። ነገሩ ይኸው ነበር።

መንገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት የሚወጣው ስለ ፈረስ ጫማ ሆነ። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፤ ስለ ፈረስ ጫማ የማላውቀው ነገር አልቀረም። በጽሑፍ ንጉሥ የተቸሁ፣ ደርግን የሰደብኩ፣ ይሉኝታ አገር ያጠፋ በሽታ ነው ብዬ ረጅም ጽሑፍ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ያስተማረኝን ሽማግሌ ፊት ለፊት «አታይም» ማለት ግን ከአንጀቴ አልወጣ አለ። ስለዚህ አባቶቼ የሚያደርጉትን አደረግሁ። ቴሜስካል ሄጄ ሽማግሌ ለመንኩ።

ጋሽ ተሰማ ጉዳዩን በጥሞና ሰሙ። ታክሲ የሚነዳው፣ ድሮ ዲያቆን የነበረው ዘውዴ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አንዴ ክሊር አድርግልኝ» አለ ዘውዴ። «የምናስታርቀው አንተንና ሰውዬውን ነው ወይስ ሰውዬውንና አጋዘኑን?»

«ሰውዬውንና ዓይኑን።»

«እሱ ከባድ ኬዝ ነው።»

«ለምን ራስህ አትነግረውም?» አሉ ጋሽ ተሰማ። «በጋዜጣ ጃንሆይን ስትዘልፍ ሽማግሌ አልላክህም።»

«ጃንሆይ ሙያ አላስተማሩኝም ጋሼ። እሱ አስተምሮኛል።»

ጋሽ ተሰማ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ሲያደርጉ ተስማምተዋል ማለት ነው። «ፈረንጅ ሽማግሌ አያውቅም ይባላል» አሉ። «እኔ ግን ሃያ ዓመት በዲፕሎማሲ ሠርቻለሁ። ፈረንጅ ሽማግሌ የሚያውቀውን ያህል ማንም አያውቅም፤ አምባሳደር ነው የሚለው።»

ሦስተኛ ሰው አቶ ካሳ ተጨመሩ። አቶ ካሳ አይናገሩም፤ ሽምግልና ውስጥ ዝም ብሎ የሚያስፈራ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የአደኑ ወቅት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በዘውዴ ታክሲ ሳን ሆዜ ደረስን። ሦስቱም ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። እኔ ሽማግሌ ላኪ ስለሆንኩ ደንቡ እንደሚያዘው ወደ ኋላ ቀረሁ። በሩን ሊንዳ ከፈተች። ሦስት ባለ ክራቫት ጥቁር ሰዎች፣ እሑድ ቀን፣ አንደኛው ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ በኪሱ። ከመኪናው ሆኜ ድምፅዋን ሰማሁት።

«እናመሰግናለን፣ እኛ ካቶሊክ ነን!» አለችና በሩን ዘጋችው።

ዘውዴ ዞሮ አየኝ። «ካቶሊክ መሆናቸውን ለምን አልነገርከንም?»

ሮጬ ሄጄ አስረዳሁ፤ ዘመዶቼ ናቸው፣ ሊጠይቋችሁ ነው የመጡት አልኩ። ማኑዌል ሲሰማ እጁን ዘርግቶ ወጣ። ያስተማርኩት ልጅ ዘመዶች ቤቴ ድረስ መጡ ብሎ ፊቱ በራ። ጠረጴዛ ተዘረጋ፤ ወይን መጣ፤ በጨው የደረቀ ዓሣ ከድንች ጋር፣ ጣፋጭ ዳቦ፣ እና ቀይ ቋሊማ። ዘውዴ ቋሊማውን በሹካው ነካ አድርጎ «የምን ሥጋ ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«አትጠይቅ፤ ለአቶ ካሳ አቀብለው።»

«አቶ ካሳም እኮ ክርስቲያን ናቸው!»

አቶ ካሳ ሳይናገሩ ሳህኑን ወደኔ ገፉት።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ተሰማ ተነሱ። ንግግራቸው በእውነት የሚያምር ነበር፤ እንግሊዝኛቸው የድሮ ቤተ መንግሥት ግብዣ ይሸታል። ስለ ፀሐይ ተናገሩ፤ ማለዳ የምትወጣው ፀሐይ ማታ መጥለቋ ውርደቷ አይደለም አሉ። ድል ካደረገ በኋላ ሰይፉን ሰቅሎ እርሻው ስለገባ አንድ የጦር አለቃ ተናገሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይን የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በጊዜው ሰጥቶ በጊዜው ይወስደዋል። አስተዋይ ሰው ይህን በጸጋ ይቀበላል» አሉ። ማኑዌል ጎንበስ ብሎ ሰማ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ «እውነት ነው፤ እውነት ነው» አለ። የወይን ጠርሙስ አስይዞ ሸኘን።

ፍሪዌይ ላይ ስንገባ ደስታ ሆነ።

«አለቀ» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ጨዋ ሰው ነው። አላስቸገረንም።»

«ማዕድ አቀረበ፣ ጽዋ አነሳ፣ እጅ ጨበጠ» አለ ዘውዴ። «ከዚህ በላይ ምን ቃል አለ? ቋሊማውን ይቅር ብለነዋል።»

እኔም አመንኩ። ከእኛ አገር ሰው ጋር ቢሆን በእርግጥም አልቆ ነበር። በክርክር መሀል ያለ ሰው ሽማግሌ የመጣበትን ነገር ካልተቀበለ አያበላም፤ ካበላ ተቀብሏል። ማኑዌል ግን በሩን ያንኳኳውን ሁሉ የሚያበላ ሰው ነው። የታክስ ሰብሳቢ ቢመጣም ያበላዋል።

በማግስቱ ፈረስ ቤት አገኘሁት። የፈረስ እግር ይዞ ኮቴ ያጸዳል፤ በእጁ እየዳሰሰ።

«አቤ» አለኝ፣ «አጎትህ የተማሩ ሰው ናቸው። አሳዘኑኝ።»

«ለምን?»

«ዓይናቸው እኮ እየጠፋ ነው! ሌላ ምን ሊሉኝ ፈልገው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለማያውቀው ሰው መንገር ይቀለዋል። ሐኪም ዘንድ ውሰዳቸው። ካምቤል ከተማ አንድ የዓይን ሐኪም አለ፤ ጥሩ ነው። ቁርጡን ነው የሚናገረው።»

ይህን ብሎ ወደ ኮቴው ተመለሰ። እኔ ካምቤል ያለው የዓይን ሐኪም ቁርጡን እንደሚናገር ማኑዌል እንዴት አወቀ ብዬ ቆሜ ቀረሁ። ታዲያ ያውቃል ማለት ነው። ሐኪሙ ነግሮታል፤ እሱ ደግሞ ለሊንዳም ለእኔም ሳይነግር ፈረስ እየጫነ ነው። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ታክሲ፣ አንድ የዲፕሎማሲ ንግግር ያተረፈልኝ ይህን ማወቅ ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ። ስለ ፈረስ ጫማ ተናገርኩ።

ወቅቱ በሚከፈትበት ዋዜማ ሰፈሩን ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ፣ ትንሽ ሐይቅ ዳር ተከልን። የዚያ ዓመት የመጀመሪያ ደንበኛ የሳን ሆዜ ኮምፒዩተር መሐንዲስ ነበር፤ ትሑት ሰው፣ አዲስ ቦት ጫማ እግሩን የላጠው። ጠመንጃውን ሲይዘው ሌላ ሰው ሕፃን ያስያዘው ይመስል ነበር። የእኔ ሥራ ሰፈር መጠበቅና ፈረስ መያዝ ነው፤ ከመሪና ከደንበኛ ጋር መሄድ አይደለም። ንጋት ላይ ማኑዌል መሐንዲሱን ይዞ ሲነሳ እኔም ተነሳሁ።

«ወዴት?» አለኝ።

«አብሬያችሁ።»

«ፈረሶቹስ?»

«ታስረዋል።»

ዞሮ መራመድ ጀመረ። ሸንተረሩ ላይ ደርሰን ድንጋይ ተደግፈን ተኛን። ከፊታችን፣ ከሸለቆው ማዶ፣ የመበለቲቱ ቁልቁለት ነው፤ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ አለት አለ። ብርሃኑ ገና ግራጫ ነው። ማኑዌል አመድ በተነ፤ አየሩ ወደ ታች ይወርዳል። ባይኖኩላሩን አነሳና ብዙም ሳይቆይ ሹክ አለ፦

«ከነጩ አለት በላይ፣ በስተግራ። ሁለት ሴት፣ ከኋላቸው ወንድ፤ ትልቅ። ሲዞርልህ ጠብቀው።»

እኔም ባይኖኩላሬን አነሳሁ። በልቤ እንዳይኖሩ እየለመንኩ ነበር። ባይኖሩ መሐንዲሱ የሚተኩስበት ነገር አያገኝም፤ ማኑዌልም ያለ እኔ አፍ ያውቀዋል። ግን ነበሩ። ሁለት ሴት፣ ከኋላቸው ወንድ፤ ትልቅ። ልክ እንዳለው፣ ልክ ባለው ቦታ። በዚያ ዓመት ያንን ቁልቁለት ከዚያ ሰው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ በዓይን ግን አልነበረም የሚያውቀው። እሱ ልክ በመሆኑ እንደዚያ ጊዜ ፈርቼ አላውቅም።

መሐንዲሱ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ አሳረፈ። እኔ ባይኖኩላሬን ከአጋዘኑ አነሳሁና ምንም ወደሌለበት ቦታ ወሰድኩት፤ ወደ ነጩ አለት ግርጌ፣ ወደ ጥላው። እዚያ አንድ የተጋደመ መስመር ነበር። መስመሩ ትከሻ ነው። ቡናማ ካፖርት የለበሰ ሰው፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ከቴርሞስ ክዳን ይጠጣል። ሌላ አዳኝ ነው፤ ማታ ከማዶ ወጥቶ መሆን አለበት። አጋዘኑ ከሰውዬው ራስ በላይ ቆሟል፤ ከሰፈራችን ድንኳን እስከ ሐይቁ የማይሞላ ርቀት። መሐንዲሱ እጁ ትንሽ ዝቅ ቢልበት…

እጄን ዘርግቼ የጠመንጃውን መነጽር በመዳፌ ሸፈንኩት።

«ሰው አለ» አልኩ።

ስለ ፈረስ ጫማ አልነበረም።

ማኑዌል ባይኖኩላሩን ከዓይኑ አላወረደም። «የት?»

«ከነጩ አለት ሥር። ቡናማ ለብሷል።»

«ቡናማ? የአጋዘን መልክ ለብሶ? ደደብ ነው እንዴ?» አለ፣ እያየ። ብዙ ጊዜ አየ። መሐንዲሱ ጣቱን ከቃታው አንስቶ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኛው። ማኑዌል አሁንም ያያል። ከአለቱ ሥር ድሮ ያልነበረ ነገር ለማግኘት እየሞከረ ነበር፤ ድሮ ያልነበረ ነገር ደግሞ አያገኝም።

«አላየሁትም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአንካሳው ጉድጓድ ጀምሮ። ምንጩ ደርቋል ማኑዌል። በዚህ ዓመት እዚያ አንድም አልነበረም።»

እንዲህ ተናገርኩት። አንድ እስትንፋስ አልፈጀም። ማኑዌል ባይኖኩላሩን አወረደና ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየሁት ድምፅ አወጣ።

«አጎትህ» አለ፣ «ዓይናቸው ደህና ነው አይደል?»

«ከእኔ ይሻላል።»

«ያ ሁሉ ፀሐይና የጦር አለቃ ለእኔ ነበር!»

«ላንተ ነበር።»

ወደ መሐንዲሱ ዞረ። ደንበኛ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ጊዜም አላደረገም። «ስማኝ ወዳጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራው እንዲህ ነው። አጋዘኖቹ የት እንደሚኖሩ እኔ እነግራችኋለሁ። ምን እንዳለ የሚነግርህ ግን እሱ ነው። እሱ ተኩስ ሳይልህ አትተኩስ፤ እኔ ብልህ እንኳ።»

መሐንዲሱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ መኸሮች አብረን ወጣን፤ ደንቡ አልተለወጠም።

የሚቀረን መጠበቅ ነበር። ፀሐይ ቁልቁለቱ ላይ ወረደች። አጋዘኖቹ ጆሮአቸውን አነሱ፤ ወንዱ ቀድሞ፣ ሴቶቹ ተከትለው፣ ከሸንተረሩ ማዶ ተሻገሩ። እንደዚያ ያለ ቀንድ በዚያ ወቅት ዳግም አላየንም። ማኑዌል ዓይኑን ጨፍኖ ድንጋዩን ተደግፏል።

«ሄደ?» አለኝ።

«ሄዷል። ከሸንተረሩ አልፏል።»

«አጋዘኑን ማን ጠየቀህ» አለ። «ሰውዬውን ነው።»